በቱሉ ዲምቱ በኩል ያለ የልዩ ፍላጎት የቀን ማዕከል፦ እዚያ የተማሩት ቤት ይደርሳል?

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች ቀን ቀን እየተቀበለ የሚያስተምር የግል ማዕከል አለ። ይህን ግምገማ የጻፍነው ልጆቻችንን እዚያ የምንልክ ወላጆችና በልዩ ፍላጎት ትምህርት የምትሠራ አንዲት መምህርት በጋራ ሆነን ነው። የማዕከሉን ስም አንጠቅስም። የምንነቅፋቸው ነገሮች በከተማዋ ዳር ባሉ ሌሎች ማዕከላትም የሚታዩ ናቸውና፣ ልጁን የትም የሚያስመዘግብ ወላጅ እንዲጠቀምበት ፈልገናል።

ማዕከሉ ከ4 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆችን ይቀበላል፤ ዳውን ሲንድሮም ያለባቸውን፣ ኦቲዝም ያለባቸውን፣ በወሊድ ጊዜ ታፍነው ወይም ማጅራት ገትር ታመው እድገታቸው የዘገየ ልጆችን። ሦስት ክፍሎች አሉት። በአንድ ክፍል ከ6 እስከ 8 ልጆች፣ አንዲት መምህርትና አንዲት ረዳት ይኖራሉ። ትምህርቱ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ቀኑ 6፡30 ሲሆን ተጨማሪ ለሚከፍል እስከ 9፡30 ይቆያል። ክፍያው በአካባቢው ካለ መካከለኛ የግል ትምህርት ቤት ይበልጣል፤ ሰርቪስና ምሳ ለብቻ ናቸው። ለአብዛኛው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ስለዚህ በገንዘቡ ምን እንደሚገኝ በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል።

እኛ ሁሉንም ነገር የመዘንነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ልጁ እዚያ የቻለውን ቤት ሲመጣ ይችላል ወይ? የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ በአንድ ቦታ፣ ከአንድ ሰው፣ በአንድ ዕቃ የተማረውን ወደ ሌላ ቦታ ይዞ መሄድ ይከብደዋል። ማዕከሉ ውስጥ ከቧንቧ እጁን የሚታጠብ ልጅ፣ ቤት ውስጥ በጆግ ውሃ ሲፈስለት እጁን ዘርግቶ ዝም ብሎ ሊቆም ይችላል። እልኸኛ ሆኖ አይደለም፤ ለእሱ ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ስለዚህ ጎበዝ ማዕከል ማለት ልጁ የሚኖርበትን ቤት ጠይቆና አይቶ፣ እዚያ ያለውን ዕቃና ልማድ የሚያስተምር ነው። ይህኛው ማዕከል በዚህ መለኪያ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

በጎውን እናስቀድም። ሲመዘገቡ የሚጠይቁት ነገር ትክክለኛ ነው። ከልደት ምስክር ወረቀትና ከክትባት ካርድ ሌላ የጆሮ ምርመራ ውጤት ይፈልጋሉ። ይህን የማይጠይቅ ማዕከል ብዙ ነው። በተለይ ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች የጆሮ ቧንቧቸው ጠባብ ስለሆነ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀምና መስማት ይቀንሳሉ፤ ሰው ግን «አይገባውም» ይላል። የታይሮይድ ምርመራም ይጠይቃሉ። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ልጁን ያደነዝዘዋል፣ ሆዱን ያደርቀዋል፣ እንቅልፋም ያደርገዋል፤ በክኒን የሚስተካከል ሆኖ ሳለ የአእምሮው ችግር ተደርጎ ይታለፋል። ዳውን ሲንድሮም ላለበት ልጅ ይህ የደም ምርመራ በየዓመቱ መደገም አለበት። ከእነዚህ ልጆች ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ስለሚወለዱ የልብ አልትራሳውንድ ውጤትም በፋይሉ ውስጥ እንዲኖር ያስገድዳሉ። እነዚህን ወረቀቶች ሳይይዝ የሄደ ወላጅ ተመልሶ እንዲመጣ ይነገረዋል። አንዳንዱ ይማረራል፤ እኛ ግን ልክ ናቸው እንላለን።

ግምገማቸውም ጥሩ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ልጁን አያስተምሩትም፤ ያዩታል። ከዚያ የግል የትምህርት እቅድ ያወጡለታል። የእቅዱ ጥራት ግን ከመምህርት መምህርት ይለያያል። አንዱ ልጅ እቅድ ላይ «ራሱን የመቻል አቅሙ ይጎለብታል» ተብሎ ተጽፏል። ይህ እቅድ አይደለም፤ ደርሶ አለመድረሱን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ሌላው ላይ «እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ሱሪውን ያለ እርዳታ እስከ ጉልበቱ ያወርዳል፤ ከ5 ሙከራ 4ቱን» ይላል። ይሄኛውን ወላጅ ቤት ውስጥ ቆጥሮ ማረጋገጥ ይችላል። ወላጅ የእቅዱን ቅጂ ካልጠየቀ አይሰጠውም፤ ስለዚህ ይጠየቅ፤ መቁጠር የማይቻል ዓረፍተ ነገር ካለበትም እንዲስተካከል ሳይፈርሙ ይመለስ።

አሁን ወደ ምሳ ሰዓት እንሂድ፤ የማዕከሉ ትልቁ ጥንካሬና ትልቁ ጉድለት አብረው የሚታዩት እዚያ ነው። ልጆቹ ራሳቸውን ችለው እንዲበሉ ከልብ ይሠራሉ። ረዳቶቹ አይቸኩሉም፣ ልብስ ቢቆሽሽ አይቆጡም። ነገር ግን የሚያስተምሩት በማንኪያ፣ በሩዝና በመኮሮኒ ነው። ቤት የሚበላው እንጀራ ነው። ማንኪያ የተማረ ልጅ ቤት ሲመጣ ማዕዱ ፊት ቁጭ ብሎ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

እንጀራ በቀኝ እጅ ብቻ መቁረስ ለጡንቻው ላላ ላለ ልጅ እጅግ ከባድ ሥራ ነው። ሦስት ጣት ይቆነጥራል፣ ሌሎቹ ጣቶች እንጀራውን ተጭነው ይይዛሉ፣ ከዚያ መሳብ፣ ወጡን መጥቀስ፣ መጠቅለልና ሳይበተን ወደ አፍ ማድረስ ይቀራል። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ «ብላ» ብሎ ማዘዝ አይሠራም። የሚሠራው ከመጨረሻው መነሳት ነው። ትልቁ ሰው ቆርሶ ጠቅልሎ በልጁ ጣቶች መካከል ያስይዘዋል፤ ልጁ መጉረስ ብቻ ይሆናል ሥራው። ይህን ሲለምድ የተጠቀለለው ሳህኑ ላይ ይቀመጥለትና ራሱ አንስቶ ይጎርሳል። ቀጥሎ የተቆረሰ ቁራሽ ይሰጠውና ወጡን ራሱ ይጠቅሳል። መቁረስ የመጨረሻው ትምህርት ነው፤ ያኔም መጀመሪያ ልጁ በግራ እጁ እንጀራውን እንዲይዝ ይፈቀድለታል፣ ነውር ነው ተብሎ አይከለከልም። ትኩስ እንጀራ ጣት ላይ ስለሚጣበቅ ያደረው ይሻላል። ወጡም ወፈር ያለ ሽሮ ወይም ድንች ቢሆን ይመረጣል፤ ቀጭን ወጥ ከጣት ይፈስና ልጁ ተስፋ ይቆርጣል። ሳህኑ ጠርዝ ያለውና ከሥሩ እርጥብ ፎጣ የተነጠፈበት ከሆነ አይንሸራተትም።

ከመጨረሻው ተነስቶ ማስተማርን የማዕከሉ መምህራን ያውቁታል፤ ጫማና ካልሲ የሚያስተምሩት በዚሁ መንገድ ነው። እንጀራ ላይ ግን አልተጠቀሙበትም። ስንጠይቅ ጊዜ እንደሚፈጅና ግቢው እንደሚቆሽሽ ነግረውናል። ምክንያቱ ይገባናል፤ ሆኖም በሳምንት ሁለት ቀን የእንጀራ ቀን መሆን ይችላል። ይህን ሐሳብ ከዳይሬክተሯ ጋር ተነጋግረንበታል፤ እስካሁን የተጀመረው በትልልቆቹ ክፍል ብቻ ነው።

ለቤተሰብም የምንለው አለ። ጉርሻ ይህን ትምህርት ያፈርሰዋል። አያት ታጎርሳለች፣ አጎት ያጎርሳል፣ እንግዳም አዝኖ ያጎርሳል፤ ልጁ ጣቱን ሳያነሳ ይጠግባል። ማዕዱ ሲጀመር፣ ልጁ በጣም በራበት ሰዓት፣ ራሱ ይብላ፤ ጉርሻው በመጨረሻ ይምጣ። ለአያቶች ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም። መምህርቷ በወላጆች ስብሰባ ላይ ብትናገረው ከልጃቸው ከሚሰሙት ይልቅ እሷን ይሰሟታል፤ ማዕከሉ አያቶችንም እንዲጠራ እንመክራለን።

ሽንት ቤት ማስለመድ ላይ ከብዙዎቹ ይሻላሉ። መጀመሪያ ለሦስት ቀን በየ30 ደቂቃው ዳይፐሩ ደረቅ ወይስ እርጥብ እንደሆነ ይመዘግባሉ። ከምዝገባው ልጁ በስንት ሰዓት እንደሚሸና ይወጣል፤ ከዚያ ሰዓት 10 ደቂቃ ቀደም ብለው ያስቀምጡታል። ከ5 ደቂቃ በላይ አያስቀምጡም፤ ብዙ ማስቀመጥ መቀመጫውን እንዲጠላ ያደርገዋል። ሲሳካለት ሽልማቱ እዚያው፣ ሱሪው ወደ ላይ ሳይሳብ ይሰጠዋል፤ ክፍል ተመልሶ የሚሰጥ ብስኩት ልጁ ከሽንቱ ጋር አያገናኘውም። ሱሪው ላስቲክ ያለው እንዲሆን ይጠይቃሉ። ቁልፍና ቀበቶ ያለው ሱሪ ያደረገ ልጅ ለመድረስ ሲታገል ያመልጠዋል፤ ከዚያ ሰው አልለመደም ይለዋል።

የሚያበላሸው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው ድርቀት። ጡንቻው የላላ ልጅ ሆዱም ይዘገያል፤ ሰገራው ጠንክሮ ካመመው ሽንት ቤት መግባትን ይፈራል፣ ይይዛል፣ ከዚያ ይብሳል። ይህ እያለ ማስለመድ ልፋት ብቻ ነው። መጀመሪያ ውሃ በደንብ ይጠጣ፣ ጎመን፣ ፓፓያ፣ የተልባ ውሃ ይሞከር፤ ካልተሻለ ሐኪም የሚያለሰልስ መድኃኒት ይዘዝለት። ማዕከሉ የልጁን ሰገራ ሁኔታ አይጠይቅም፤ መጠየቅ ነበረበት። ሁለተኛው መጸዳጃው ራሱ ነው። ማዕከሉ የሚቀመጡበት ሽንት ቤትና የቧንቧ ውሃ አለው። በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ልጅ ይስማማል፤ ቢሆንም ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በባልዲ መድፋትም መለማመድ አለበት። ገላንና አቃቂ በኩል በግቢ ኪራይ የሚኖሩ ቤተሰቦች ግን የጉድጓድ ሽንት ቤት ነው ያላቸው። ጨለማ ነው፣ ቀዳዳው ያስፈራል፣ ቁጢጥ ብሎ ሚዛን መጠበቅ ያስፈልጋል። እዚህ ፖፖ ቤት ውስጥ አስለምዶ፣ ፖፖውን ቀስ በቀስ ወደ ሽንት ቤቱ በር ማስጠጋት፣ ከዚያ እናቱ ከፊቱ ቆማ ሁለት እጁን ይዛው ቁጢጥ እንዲል ማድረግ ይረዳል። መቀመጫው የተበሳ ጠንካራ ወንበር አናጺ አሠርቶ ጉድጓዱ ላይ ማኖርም ይቻላል። ማዕከሉ «ቤታችሁ ያለው ምን ዓይነት ነው?» ብሎ የመመዝገቢያ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ቢጨምር ብዙ ልፋት ይቀንስ ነበር።

ክፍሎቹ ግድግዳ ላይ የተለጠፉት የሥዕል ካርዶች ያምራሉ፤ የምናዝነው ግን በእነሱ ነው። ከኢንተርኔት ታትመው የመጡ ናቸው። ፒዛ፣ የበረዶ ሰው፣ ቢጫ የትምህርት ቤት አውቶብስ። መናገር ያልቻለ ልጅ የሚፈልገውን በካርድ ሰጥቶ እንዲጠይቅ ማስተማር ትልቅ ነገር ነው፤ ካርዱ ላይ ያለው ግን ልጁ የሚያውቀው መሆን አለበት። የራሱ ኩባያ፣ የራሱ ጫማ፣ ሙዝ፣ ዳቦ፣ ባጃጅ። በስልክ ፎቶ አንስቶ፣ ከጀርባው ሌላ ዕቃ እንዳይታይ ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጎ፣ ፎቶ ቤት በ7 በ7 ሴንቲ ሜትር ማሳተምና ላሚኔት ማድረግ ይበቃል። ላሚኔት ያልተደረገ ካርድ በአፍ ይገባል፣ ይቀደዳል። ሲጀመር አንድ ካርድ ብቻ፣ ልጁ እጅግ በሚወደው ነገር። ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ዕቃውን ይዞ ከፊት ይቀመጣል፣ ሌላው ከኋላ ሆኖ ምንም ሳይናገር የልጁን እጅ ካርዱን እንዲያነሳና እንዲሰጥ ይመራል። ካርዱ እጅ እንደገባ ዕቃው ይሰጣል፣ ስሙም ይጠራል። «በቃ ገብቶታል» ተብሎ በመጀመሪያው ቀን አምስት ካርድ የሚደረደርለት ልጅ ግን ዝም ብሎ ማንሳት ይለምዳል እንጂ አይጠይቅም።

ቋንቋውም እንደ ካርዶቹ ከሩቅ የመጣ ነው። መዝሙሮቹና ትእዛዞቹ ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ «ሲት ዳውን»፣ «ካም ሂር»። ልጁ ቤት ሲመጣ አባቱ «ቁጭ በል» ይላል፣ ጎረቤት በኦሮምኛ «ታኢ» ይላል። ሁለት ቋንቋ በሚነገርበት ቤት ማደግ ዳውን ሲንድሮም ያለበትን ልጅ አይጎዳውም፤ ለማዕከሉ ብቻ የሚያገለግል ሦስተኛ ቋንቋ ግን ተጨማሪ ሸክም ነው። መምህራኑ እንግሊዝኛ ካልሰማ ወላጅ ገንዘቤን በከንቱ ከፈልኩ ይላል ብለው ይሰጋሉ። እውነት ነው፣ የሚል ወላጅ አለ። ለዚህ ወላጅ የምንለው፦ ልጁ «ውሃ» ማለት ከቻለ ማንም ሰው ውሃ ይሰጠዋል። ለመናገር የዘገዩ ልጆችን በራሳችን ፊደል ማስተማር እንደሚቻል በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት፣ አሁን በሕይወት የሌሉት ዘሚ የኑስ ከአቡጊዳ ተነስተው ባዘጋጁት ዘዴ አሳይተዋል። መንገዱ ለአገሩ አዲስ አይደለም።

ባሕርይ ላይ የሚሠሩት ሥራ ያስመሰግናቸዋል። ልጅ አይታሰርም፣ አይመታም፣ ክፍል ውስጥ አይዘጋበትም። የሚናከስ ወይም ራሱን የሚመታ ልጅ ሲኖር ከድርጊቱ በፊት ምን እንደነበር፣ ምን እንዳደረገና ቀጥሎ ምን እንዳገኘ በሦስት ዓምድ ይጽፋሉ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ከወረቀቱ ይወጣል፤ ሲጮህ ከሥራው የሚነሳ ልጅ፣ ሥራ ሲከብደው ይጮሃል። ያን ጊዜ ሥራውን አሳጥረው «በቃኝ» የሚልበትን ካርድ ያስተምሩታል። ድንገት የጀመረ ጩኸት ወይም ጭንቅላት መምታት ካለ ግን ቅድሚያ ጥርስና ጆሮ ይታይ፤ ሕመሙን መናገር የማይችል ልጅ የሚናገረው በዚህ ነው።

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ሲመዘገብ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና ሰዓት ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ። ረዳቶቹ ሲጥለው በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለማስገባት፣ ክብሪት ጭሮ አለማሽተት፣ ሰዓት መያዝና ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ እንዳለባቸው ሠልጥነዋል። ጠበል ለሚሄዱ ቤተሰቦች የሚሰጡት ምክርም በአክብሮት ነው፤ ሂዱ፣ መድኃኒቱን ግን ይዛችሁ ሂዱ ይላሉ። እንደ ፌኖባርቢታል ያለ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ይህም ይገድላል። ይህን ቀጥ አድርገው መናገራቸውን እንወድላቸዋለን።

በግቢው ውስጥ ያለው ትራምፖሊን (ልጆች የሚዘሉበት የሚያነጥር መጫወቻ) መነሳት አለበት፣ ወይም ቢያንስ መለየት አለበት። ዳውን ሲንድሮም ባለባቸው አንዳንድ ልጆች የአንገት የላይኛው ሁለቱ አጥንቶች መጋጠሚያ የላላ ነው፤ መዝለልና መገልበጥ የአከርካሪ ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። ከ6 ዓመት በታች ላሉት ጨርሶ አይፈቀድም፤ ከዚያ በላይም ያለ ቅርብ ጥበቃ አይሆንም። የአንገት ሕመም፣ አዲስ የእግር መዛል፣ የጀመረውን ሽንት መቆጣጠር መልሶ ማጣት ከታየ በዚያው ቀን ሐኪም ጋር መሄድ ነው።

ሰርቪሱ አንድ ሚኒባስ ነው፤ ከሾፌሩ ሌላ አንዲት ረዳት ትሳፈራለች፣ ይህ መልካም ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ እስከ ብሎኩ በር ይመጣል እንጂ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ፎቅ አይወጣም፤ ስለዚህ 1፡15 ላይ የሚያወርድ ሰው ሊኖር ይገባል። ክረምት ላይ ዋልካው መንገዱን ሲይዘው ገላን በኩል ያሉትን አያደርስም፤ ክፍያው ግን አይቀንስም። በር ላይ ጥበቃ አለ። ሆኖም መውጣት የሚወዱ ልጆች ስላሉ፣ ልብሳቸው ውስጠኛ ክፍል ላይ የስልክ ቁጥር በማይለቅ ቀለም መጻፍ ከአንገት ሐብል ይሻላል፤ ሐብል ይበጠሳል።

ሐምሌና ነሐሴ ይዘጋል። ለእነዚህ ልጆች ሁለት ወር ያለ ልምምድ መቆየት ከባድ ኪሳራ ነው፤ መስከረም ላይ ሽንት ቤቱ እንደ አዲስ ይጀመራል። ማዕከሉ በክረምት በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን እንኳ ቢከፍት፣ ካልቻለም ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ወይም ሦስት የሚለማመዳቸውን ሥራዎች በቅደም ተከተል ጽፎ ለቤተሰብ ቢሰጥ እንፈልጋለን።

ማዕከሉን ከቤት ጋር ማገናኘት የነበረበት ነገር ኮሙኒኬሽን ቡኩ፣ መምህርትና ወላጅ የሚጻጻፉበት ደብተር፣ ነው። በየቀኑ በልጁ ቦርሳ ይመላለሳል። የሚጻፍበት ግን «ዛሬ ጎበዝ ነበር»፣ «ምሳውን ጨርሷል» ነው። ደስ ይላል እንጂ ወላጅ ማታ ምን እንደሚያደርግ አይነግረውም። ከሦስቱ ክፍሎች በአንዱ ያለች መምህርት ግን እንዲህ ትጽፋለች፦ «ካልሲውን ከተረከዙ በታች ሳደርስለት ራሱ ጎትቶ ያወልቃል። ቤትም ከተረከዝ በታች አድርሳችሁ ተዉለት። 10 ቆጥራችሁ ጠብቁ፣ አትርዱት።» ይህ ሦስት መስመር ነው፤ ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የዚያች መምህርት ልጆች ከሌሎቹ ቀድመው ቤት ውስጥ ሲለወጡ ወላጅ ሁሉ አይቷል። ወላጅም በበኩሉ ባዶ አይመልሰው፤ ሌሊት እንቅልፍ ማጣቱን፣ መድኃኒት መለወጡን፣ ቤት ውስጥ የሆነውን ይጻፍ። ማንበብና መጻፍ ለማይችል ወላጅ በቴሌግራም የድምፅ መልእክትና የ20 ሰከንድ ቪዲዮ ይበቃል፤ ቪዲዮው እንዲያውም ከጽሑፍ ይሻላል፣ እጅ የት እንደሚያዝ ያሳያል።

የወላጆች ሥልጠና በሚል በየወሩ ቅዳሜ የሚደረገው ስብሰባ ደካማ ነው። ባለሙያ ይመጣል፣ ያስተምራል፣ ጥያቄ አለ ይላል፣ ይበተናል። የዓለም ጤና ድርጅት እድገታቸው ለዘገየ ልጆች ቤተሰቦች ያዘጋጀውና በአዲስ አበባም የተሞከረው ሥልጠና 9 የቡድን ክፍለ ጊዜና 3 የቤት ጉብኝት አለው። ሥልጠናውን የሚሰጡት ስፔሻሊስት እንዲሆኑ አይጠበቅም፤ የሠለጠነ መምህር ወይም ወላጅ ይበቃል። ዋናው ነገር የቤት ጉብኝቱ ነው። አንድ ጊዜ ቤት የመጣች መምህርት ቧንቧውን፣ ሽንት ቤቱን፣ ልጁ የሚበላበትን ቦታ፣ ማን እንደሚያጎርሰው ታያለች። ሲጠየቅ ማዕከሉ በክፍያ እንደሚያደርገው ነግሮናል፤ ከወርሃዊው ክፍያ ውስጥ በሴሚስተር አንድ ቢካተት ፍትሐዊ ነው። አባቶችም ስብሰባው ላይ ይገኙ። ቅዳሜ ጠዋት ለእድርና ለሥራ የሚሄዱ ከሆነ እሑድ ከሰዓት ይደረግ።

በጣም የሚያሳስበን ከ11 ዓመት በላይ ያሉት ናቸው። የወር አበባ የጀመረች ልጅ ሞዴስ መቀየር ደረጃ በደረጃ መማር አለባት፤ ሳይመጣ አስቀድሞ፣ በቀይ ቀለም ጠብታ ባለበት ሞዴስ እየተለማመደች። ማዕከሉ ይህን ለእናት ብቻ ይተወዋል። ሰውነቷን ማን ሊነካ እንደሚችል፣ «እምቢ» ማለትንና መሸሽን፣ የብልትን ትክክለኛ ስም አያስተምሩም። እነዚህ ልጆች ለጥቃት ከሌሎች ልጆች ይልቅ የተጋለጡ ናቸው፤ ያውም ብዙ ጊዜ በሚያውቁት ሰው። ለሁሉም ሰው ዘሎ ማቀፍ በ5 ዓመት ያስቃል፤ በ13 ዓመት ግን አደጋ ይሆናል። ከትንሽነት ጀምሮ ለእንግዳ እጅ መጨበጥ፣ ማቀፍ ለቤተሰብ ብቻ መሆኑ በልምምድ ይሰጥ። ዳይፐርና ልብስ የሚቀይሩት እነማን እንደሆኑ በስም የተጻፈ ዝርዝር ማዕከሉ የለውም፤ ይህ ያለ ወጪ ነገ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው፣ ወላጆች ተሰብስበን ጠይቀናል።

ክፍያው ከአቅም በላይ ለሚሆንበት ቤተሰብ ሌላው አማራጭ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ የልዩ ፍላጎት ክፍል ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር አለ፤ ለልጁም ከሌሎች የሰፈሩ ልጆች ጋር መጫወት ትልቅ ጥቅም ነው። ጉዳቱ ልጅ በዝቶ መምህር አንድ መሆኑ፣ ዳይፐር ላይ ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ አለመቀበላቸው ነው። አካባቢው ከፊሉ በአዲስ አበባ፣ ከፊሉ በሸገር ከተማ ሥር ስለሆነ የነዋሪነት መታወቂያው የየትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ይታይ። «ክፍሉ የለንም» ተብሎ የተመለሰ ወላጅ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቅና ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሂድ፤ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ኮንቬንሽን አንቀጽ 24 ልጁ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ይደነግጋል።

ለማን እንመክረዋለን? ከ4 እስከ 9 ዓመት ላለ፣ ሽንት ቤትና ልብስ መልበስ ገና ለሚጀምር፣ ቤቱ ቅርብ ለሆነ ልጅ ይህ ማዕከል ጥሩ ነው። ለታዳጊዎች፣ በተለይ ለሴቶቹ፣ ከላይ ያነሳነው ሳይስተካከል አንመክርም። ለመጎብኘት የሚሄድ ወላጅ በተለየ ቀጠሮ ሳይሆን 5፡30 ገደማ ይሂድ፤ እጅ የሚያስታጥቡበት፣ ምሳ የሚያበሉበትና ሽንት ቤት የሚወስዱበት ሰዓት ነው። ምዝገባ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ይጀመራል፣ ለትንንሾቹ ክፍል ቦታ ቶሎ ይሞላል። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ክፍያ በቅድሚያ ይወሰዳል፤ ልጁ ሳይስማማው ቀርቶ ቢወጣ ምን ያህሉ እንደሚመለስ በቃል ነው የሚነግሩት፤ ደረሰኙ ላይ እንዲጽፉ ይጠየቁ።